በረጅም እረፍት ወቅት የሒሳብ ችሎታን ስለ መጠበቅ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

በባሕር ዳር ሒሳብ የሚማሩ ብዙ ሰዎች በአንዱ ኮርስና በሚቀጥለው መካከል ረጅም ክፍተት ይገጥማቸዋል። መደበኛው ተማሪ ሰኔ ላይ ፋይናሉን ጨርሶ ወደ ወላጆቹ ቤት ይሄዳል፤ የ12ኛ ክፍል ፈተና የወሰደው ዩኒቨርሲቲ እስኪጠራው ድረስ ወራት ይጠብቃል፤ በክረምት መርሐ ግብር የሚሠለጥነው መምህር ደግሞ ጳጉሜን ሲቃረብ የዘጋውን ሞጁል እንደገና የሚገልጠው በቀጣዩ ዓመት የሐምሌ ዝናብ ሲጀምር ነው። በዚህ ላይ በ2012 ዓ.ም. በኮሮና ምክንያት ትምህርት ቤቶች መዘጋታቸውና ከዚያም ወዲህ በክልላችን ትምህርት በተደጋጋሚ መቋረጡ ሲጨመር፣ መቼ እንደሚያበቃ የማይታወቅ እረፍት ምን እንደሚመስል ብዙ ተማሪ በራሱ አይቶታል። ከዚህ በታች ያሉት ጥያቄዎች ሒሳብ ባስጠናሁባቸው ዓመታት ተማሪዎች፣ መምህራንና ወላጆች ደጋግመው ያቀረቡልኝ ናቸው።

ጥቂት ወራት ሒሳብ ባልነካ በእርግጥ እረሳለሁ?

አዎ፣ ይረሳሉ፤ ነገር ግን የሚረሱት ሁሉንም አይደለም፣ የተረሳውም ጨርሶ የጠፋ አይደለም። ጀርመናዊው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ኸርማን ኤቢንግሃውስ ትርጉም የሌላቸውን ቃላት ራሱ እያጠና፣ ምን ያህሉን እንደሚረሳም ራሱ እየለካ ያገኘውን ውጤት እ.ኤ.አ. በ1885 አሳትሟል። ውጤቱ ዛሬም ድረስ የሚጠቀሰው በሁለት ነገር ነው፦ መርሳት በመጀመሪያዎቹ ሰዓታትና ቀናት እጅግ ፈጣን ሆኖ ከዚያ በኋላ እየተጎተተ ይሄዳል፤ የተረሳ የመሰለውን ነገር እንደገና ለማጥናት የሚፈጀው ጊዜ ደግሞ ከመጀመሪያው ጊዜ ያነሰ ነው። ሁለተኛው ነጥብ እረፍቱን በከንቱ ያሳለፈ ተማሪ ተስፋ እንዳይቆርጥ የሚያደርግ ስለሆነ ወደ መጨረሻው ላይ እመለስበታለሁ።

ወደ ሒሳብ ስንመጣ፣ አሜሪካዊው ሃሪስ ኩፐርና ባልደረቦቹ የአገራቸው ተማሪዎች በረጅሙ ዓመታዊ እረፍት ምን ያህል ወደ ኋላ እንደሚመለሱ የተደረጉ ጥናቶችን ሰብስበው እ.ኤ.አ. በ1996 ባወጡት ትንታኔ፣ ተማሪዎች በአማካይ የአንድ ወር ያህል ትምህርት እንደሚያጡ፣ ጉዳቱም ከንባብ ይልቅ በሒሳብ፣ በተለይም በስሌት ላይ እንደሚበረታ ገልጸዋል። ሃሪ ባህሪክና ሊንዳ ሆል እ.ኤ.አ. በ1991 ያወጡት ጥናት ደግሞ ከዚህ የሚለይ ተስፋ ይሰጣል፤ አልጀብራ ተምረው እዚያው ላይ ያቆሙ ሰዎች ዕውቀታቸው ከዓመት ወደ ዓመት እየመነመነ ሲሄድ፣ እስከ ካልኩለስና ከዚያም በላይ የዘለቁት ግን ብዙም ሳይለማመዱ የአልጀብራ ዕውቀታቸውን ለ50 ዓመት ያህል ይዘው ተገኝተዋል። የታችኛውን ትምህርት የሚያጸናው በላዩ ላይ ለዓመታት መገንባቱ ነው ማለት ነው። ገና በግንባታ ላይ ያለ ተማሪ ይህ ጽናት ስላላገኘው እረፍቱን በጥንቃቄ ሊያልፈው ይገባል።

መጀመሪያ የሚጠፋው የትኛው ነው?

ብዙ ተማሪ የሚሠጋው መጨረሻ ላይ የተማረውን ምዕራፍ እንዳይረሳ ነው። እኔ ደጋግሜ ያየሁት ግን ሌላ ነው። ከስድስት ወር እረፍት የተመለሰ ተማሪ ዴሪቬቲቭ ምን እንደሆነ ቢጠየቅ የለውጥን ፍጥነት የሚለካ መሆኑን ከሞላ ጎደል ያስረዳል፤ ያንኑ ዴሪቬቲቭ አስልቶ እንዲያወጣ ሲታዘዝ ግን ሦስተኛው መስመር ላይ ክፍልፋይ ሲደምር ይሳሳታል። ሐሳቡ አእምሮው ውስጥ አለ፤ የረሳው እጁ ነው። ስለዚህ በእረፍት ጊዜ ከሁሉ በፊት ሊጠበቅ የሚገባው የእጅ ቅልጥፍና ነው እላለሁ።

ከእረፍት መልስ ደጋግሜ የማያቸው ስሕተቶች እነዚህ ናቸው። (5 + 3)² ን 25 + 9 = 34 ብሎ መጻፍ፤ ትክክለኛው 64 ሲሆን፣ የጎደለው 30 የሁለቱ ቁጥሮች ብዜት እጥፍ ነው። የ9 + 16 ስኩዌር ሩት 5 ሆኖ ሳለ 3 + 4 = 7 ማለት። 1/2 + 1/3 ን ላይና ታቹን ደምሮ 2/5 ማድረግ፤ መልሱ 5/6 ነው። −3² እና (−3)² አንድ እንደሆኑ መቁጠር፤ የመጀመሪያው −9፣ ሁለተኛው 9 ነው። 2³ × 2⁴ ላይ ርቢዎቹን ማባዛት፤ የሚደመሩ ስለሆነ መልሱ 2⁷፣ ማለትም 128 ነው። (6 + 4)/2 ላይ 6ቱን ብቻ በ2 አቅልሎ 4ቱን እንዳለ መተው፤ እንዲህ የሠራ ተማሪ 5 መሆን የሚገባውን 7 ያደርገዋል። የ100 እና የ10 ሎጋሪዝም ድምር የ100 × 10 ሎጋሪዝም፣ ማለትም 3 ሆኖ ሳለ፣ የ100 + 10 ሎጋሪዝም አድርጎ መውሰድ።

እነዚህ ሁሉ በቁጥር ሲጻፉ ግልጽ ናቸው፤ በቁጥሩ ቦታ ፊደል ሲገባ ግን የሚያስጠነቅቅ ነገር ስለሌለ ስሕተቱ ሳይታይ ያልፋል። አንድ ሕግ ትዝ ባለህ ቁጥር በትንንሽ ቁጥሮች ፈትሸው ብዬ ተማሪዎቼን የምመክረው ለዚህ ነው፤ የግማሽ ደቂቃ ሥራ ሆኖ ሳለ የሙሉ ጥያቄ ማርክ ያድናል።

እረፍቱ ከመጀመሩ በፊት ምን ማድረግ አለብኝ?

ፋይናል ፈተና በተጠናቀቀ በአንድ ሳምንት ውስጥ፣ ትምህርቱ ገና ትኩስ እያለ፣ ከኮርሱ ውስጥ አሥር ጥያቄዎች መርጠው ከነሙሉ አሠራራቸው በአንድ ወረቀት ላይ ይጻፉ፤ ጥያቄዎቹን ብቻ ደግሞ በሌላ ወረቀት ይገልብጡ። ከሁለቱ መካከል መልስ ያለበትን ያስቀምጡትና ጥያቄውን ብቻ በየወሩ መጨረሻ ሰዓት ይዘው ይሥሩት። አንድ ሰው ምን ያህል እንደረሳ በግምት ሲናገር ወይ ያጋንናል ወይ ያሳንሳል፤ ሰኔ ላይ በ40 ደቂቃ የጨረሱትን ነሐሴ ላይ በ70 ደቂቃ ከጨረሱት ግን ቁጥሩ ራሱ ይናገራል። የትኛው ጥያቄ ላይ እንደቆሙም ስለሚያሳይ ቀጣዩን ወር በምን ላይ እንደሚያሳልፉ ይወስንልዎታል።

በሳምንት ስንት ቀን፣ ለምን ያህል ጊዜ ልለማመድ?

ለአብዛኛው ሰው በሳምንት አራት ቀን፣ በቀን 25 ደቂቃ ይበቃል ብዬ አምናለሁ። ድምሩ 100 ደቂቃ ነው፤ ይህንኑ 100 ደቂቃ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ በአንድ ጊዜ መቀመጥ ግን ተመሳሳይ ውጤት አያመጣም። በየመሐሉ ትንሽ እየረሱ፣ የረሱትን እያስታወሱ መሄድ የሚያጸናው ስለሆነ፣ ክፍተቱ ራሱ የልምምዱ አካል ነው።

የጥያቄዎቹ አደራደርም ከጊዜው ያላነሰ ለውጥ ያመጣል። ዳግ ሮረርና ኬሊ ቴይለር እ.ኤ.አ. በ2007 ባወጡት ጥናት ተማሪዎችን የአራት ዓይነት ጠጣር ቅርጾችን ይዘት አሠራር አስተምረው፣ ከፊሎቹ አንዱን ዓይነት ጨርሰው ወደ ሌላው እንዲሄዱ፣ ከፊሎቹ ደግሞ ሁሉንም እየቀላቀሉ እንዲሠሩ አደረጉ። በልምምዱ ወቅት የተሻሉት ያልቀላቀሉት ነበሩ፤ ከሳምንት በኋላ በተሰጠው ፈተና ግን የቀላቀሉት በአማካይ 63 በመቶ ሲያገኙ ያልቀላቀሉት 20 በመቶ ብቻ አገኙ። ምክንያቱን ለመረዳት አያስቸግርም፦ ሃያ የቼይን ሩል (አንዱ የዴሪቬቲቭ ሕግ) ጥያቄዎችን በተከታታይ የሚሠራ ሰው የትኛውን ሕግ ልጠቀም የሚለውን ጥያቄ ለራሱ አንድ ጊዜም አያቀርብም፤ ፈተና ግን የሚጠይቀው በቅድሚያ ይህንን ነው።

በ25 ደቂቃው ውስጥ አምስት ጥያቄዎች ይያዙ፦ ሁለቱ ከታችኛው መሠረት፣ ሁለቱ ከጨረሱት ኮርስ ከተለያዩ ምዕራፎች፣ አንዱ ደግሞ ባለፈው ሳምንት ከተሳሳቱት። ቀኑና ሰዓቱ ቢወሰን ይመረጣል። ክረምት ላይ በእኛ ከተማ ከሰዓት በኋላ ዝናብ ስለሚበዛና መብራትም ስለሚቋረጥ የጠዋቱን ሰዓት የመረጡ ተማሪዎች ዕቅዳቸውን ሲጠብቁ አይቻለሁ።

ደብተሬን ደጋግሜ አነባለሁ፤ ይህ አይበቃም?

አይበቃም፤ በዚህ ነጥብ ላይ ደግሞ አጥብቄ መናገር እፈልጋለሁ፤ ብዙ ትጉ ተማሪዎች ድካማቸውን የሚያባክኑት እዚህ ላይ ነውና። የተሠራ ጥያቄ ሲነበብ እያንዳንዱ መስመር ከቀዳሚው በግልጽ ስለሚከተል አንባቢው የሚያውቀው ይመስለዋል፤ ማወቁ ግን የመምህሩ ነው። ሄንሪ ሮዲገርና ጄፍሪ ካርፒክ እ.ኤ.አ. በ2006 ባወጡት ጥናት አንድን ጽሑፍ ደጋግመው ያነበቡ ተማሪዎች ወዲያውኑ ሲፈተኑ የተሻሉ ቢመስሉም፣ ከሳምንት በኋላ ግን ጽሑፉን ዘግተው ያስታወሱትን ለመጻፍ የሞከሩት በልጠዋቸዋል።

በሒሳብ አሠራሩ እንዲህ ነው። ጥያቄውን በባዶ ወረቀት ላይ ይጻፉ፣ ደብተሩን ይዝጉ፣ እስከሚችሉት ይሂዱ። ሲቆሙ ወዲያው አይግለጡ፤ ቢያንስ ሦስት ደቂቃ ከጥያቄው ጋር ይቀመጡ። ከዚያ ከፍተው የጎደለውን አንድ መስመር ብቻ ይመልከቱ፣ እንደገና ዘግተው ይቀጥሉ። ሲጨርሱ ያቆመዎትን ነገር በአንዲት ትንሽ ደብተር በአንድ ዓረፍተ ነገር ይጻፉ፦ «አሉታዊ ርቢ ወደ ታች እንደሚወርድ ረሳሁ» የሚል ዓይነት። በሁለት ወር ውስጥ ይህች ደብተር ከየትኛውም ሃንድአውት የበለጠ የምትጠቅም፣ ለእርስዎ ብቻ የተጻፈች መጽሐፍ ትሆናለች።

ለቀጣዩ ኮርስ የትኛውን ልከልስ?

የሚከልሱት ቀጣዩ ኮርስ የሚጠይቀውን እንጂ ያለፈው ኮርስ ያስተማረውን ሁሉ አይደለም። ሁለተኛውን ካልኩለስ የሚወስድ ሰው የዴሪቬቲቭ ሕጎችን ያለ ማስታወሻ መጻፍ፣ የ30፣ የ45 እና የ60 ዲግሪን ሳይንና ኮሳይን ወዲያው መናገር፣ ፋክተር ማድረግና የርቢንና የሎጋሪዝምን ሕጎች በእጁ መያዝ አለበት። በኢንተግሬሽን ውስጥ ብዙዎችን የሚያስቸግረው ክፍልፋይን ወደ ቀላል ክፍልፋዮች የመበተን ሥራ እንኳ 1/6 ን 1/2 − 1/3 አድርጎ ከመጻፍ በሐሳቡ አይለይም፤ ይህን በቁጥር የለመደ ሰው በፊደል ሲመጣበት አይደነግጥም።

ስታትስቲክስ ለሚጠብቀው መቶኛ፣ ሬሾ፣ የድምር ምልክት፣ ግራፍ ማንበብና ከአምስት ሰዎች ሁለት በስንት መንገድ ይመረጣሉ የሚለው ዓይነት ቆጠራ ይበቃዋል፤ መልሱ 10 ነው። ሊኒየር አልጀብራ የሚወስድ ሰው ሁለትና ሦስት እኩልታዎችን በአንድነት መፍታትን ይለማመድ፤ ማትሪክስ ላይ የሚሳሳቱት በአብዛኛው በመቀነስ ምልክትና በክፍልፋይ ነው። የ12ኛ ክፍልን ጨርሶ ፍሬሽማን ለሚገባ የተፈጥሮ ሳይንስ ተማሪ ደግሞ የሒሳቡ ኮርስ ከፕሮፖዚሽናል ሎጂክና ከስብስብ (set) ስለሚጀምር፣ የ11ኛና የ12ኛ ክፍል መጽሐፎቹን ሙሉ በሙሉ ከመድገም ይልቅ ፋንክሽንን፣ ኢንኢኳሊቲንና የመስመርና የክብ እኩልታዎችን ቢያጠብቅ ይጠቅመዋል።

የክረምት ሠልጣኝ መምህር ነኝ። ዓመቱን ሙሉ 7ኛና 8ኛ ክፍል ሒሳብ ማስተማሬ ልምምድ አይሆነኝም?

በከፊል ይሆናል። ክፍልፋይን፣ መቶኛንና ቀላል እኩልታን በየቀኑ የሚያስተምር ሰው ከላይ ከተዘረዘሩት ስሕተቶች ብዙዎቹን አይሠራም፤ ለልጆች ምክንያቱን ለማስረዳት ሲዘጋጅም መሠረቱን ከመደበኛው ተማሪ በበለጠ ያጠብቃል። ይሁን እንጂ በአሥሩ ወር ውስጥ ሎጋሪዝምን፣ ትሪጎኖሜትሪንና ዴሪቬቲቭን የሚነካበት አጋጣሚ የለውም፤ ቀጣዩ ኮርስ የሚጠይቀው ደግሞ እነዚህኑ ነው።

ይህን በራሴ አይቼዋለሁ። ከዓመታት በፊት በክረምት መርሐ ግብር ስማር የመጀመሪያውን የካልኩለስ ኮርስ በጥሩ ውጤት ጨርሼ ወደማስተምርበት ገጠር ተመለስሁ፤ ሞጁሉንም ውሃ እንዳይነካው በፌስታል ጠቅልዬ ሣጥን ውስጥ አስቀመጥሁት። በቀጣዩ ሐምሌ የሁለተኛው ኮርስ የመጀመሪያ ኩዊዝ ላይ ከአምስት ጥያቄዎች በትክክል የመለስሁት አንዱን ብቻ ነበር። ወረቀቱ ሲመለስልኝ እያንዳንዱን መስመር መረመርሁት። በሦስቱ ጥያቄዎች የመረጥሁት የኢንተግሬሽን መንገድ ትክክል ነበር፤ የጣለኝ የ30 እና የ60 ዲግሪ ሳይን መምታታቱና የአሉታዊ ርቢ ስሕተት ነው። የክረምት ኮርስ የአንድ ሴሚስተርን ይዘት በሁለት ወር ገደማ ስለሚያስኬድ ወደ ኋላ ለመመለስ ጊዜ አይሰጥም፤ ቀን አዲሱን ምዕራፍ እየተማርሁ ማታ ያለፈውን ዓመት ስከልስ ያ ክረምት እጅግ ከበደኝ። ኮርሱን አለፍሁ፤ ነገር ግን የተማርሁትን ያህል አልገባኝም ነበርና በኋላ ብዙውን እንደገና ለራሴ ማስተማር ነበረብኝ።

ከዚያ በኋላ በነበሩት ዓመታት የደብተር ወረቀት እየቆረጥሁ አርባ ያህል ትንንሽ ካርዶች አዘጋጅ ነበር፤ በፊታቸው ጥያቄ፣ በጀርባቸው መልስ። ሰኞና ሐሙስ ከትምህርት ቤት ስመለስ ስድስት ካርዶች ሳልመርጥ አወጣና እሠራለሁ፤ ያገኘሁትን ከታች፣ ያጣሁትን ከላይ እመልሳለሁ። በወር አንድ ቅዳሜ ደግሞ ከሞጁሉ አንድ ሙሉ መልመጃ። መሰናዶ ባልነበረበት ገጠር፣ በኩራዝም በሶላር መብራትም የሠራሁት ሥራ ነው፤ ሸክም አልነበረም። በሦስተኛው ክረምት ከክፍል ጓደኞቼ ጋር ስገናኝ ልዩነቱን በመጀመሪያው ሳምንት አየሁት። መምህር ሆነው የሚማሩ ሰዎች ቤተሰብ፣ ሥራና የእርሻ ወቅት እንዳለባቸው አውቃለሁ፤ በሳምንት ሁለት ቀን ብቻ ቢችሉ እንኳ ሁለቱን አይተዉ።

በየቀኑ ከሚያጋጥመኝ ነገር ልምምድ ማውጣት እችላለሁ?

ይችላሉ፤ መቀመጫና ደብተር የሚጠይቀውን ልምምድ ባይተካም ያግዘዋል። ሦስት ምሳሌዎች ልስጥ።

የመጀመሪያው ከሱቅ ነው። 15 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስ የተካተተበት ዋጋ 460 ብር ቢሆን ከታክስ በፊት ስንት ነበር? ብዙ ሰው ከ460 ላይ 15 በመቶ ቀንሶ 391 ይላል። ታክሱ የተሰላው ግን ከመነሻው ዋጋ እንጂ ከ460 አይደለምና 460 ለ1.15 ይካፈላል፤ መልሱ 400 ነው። ቀላል የመሰለው ይህ ጥያቄ ፋንክሽንን ወደ ኋላ የመመለስ ሐሳብ በሙሉ አለበት።

ሁለተኛው ከሐይቁ ነው። ጣና ከ3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ስፋት ሲኖረው ጥልቀቱ ግን ትንሽ ነው። በጊዮርጊስ በኩል ባለው ዳርቻ ሲሄዱ ስፋቱን 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር፣ አማካይ ጥልቀቱን 9 ሜትር አድርገው ስንት ሜትር ኩብ ውሃ እንደሚይዝ በቃልዎ ያስሉ። አንድ ካሬ ኪሎ ሜትርን 1,000 ካሬ ሜትር ብሎ የጀመረ ሰው ሺህ ጊዜ ያሳንሰዋል፤ 1,000 በ1,000 ተባዝቶ 10⁶ ነው። ስለዚህ ስፋቱ 3 × 10⁹ ካሬ ሜትር፣ ውሃው 2.7 × 10¹⁰፣ ማለትም 27 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ይሆናል። ከሐይቁ የሚወጣው ዓባይ ታች ወርዶ በሕዳሴ ግድብ ሲጠራቀም ግድቡ መያዝ የሚችለው 74 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ስለሆነ፣ ግድቡ የሐይቁን ስንት እጥፍ ይይዛል የሚለውን ደግሞ ያለ ካልኩሌተር ይሞክሩት፤ 2.7 ገደማ ነው።

ሦስተኛው፣ እኔ ከሁሉ የምወደው፣ ባሕረ ሐሳብ ነው። በጣና ደሴቶች ገዳማትና በአብነት ትምህርት ቤቶች ሲወርድ ሲዋረድ የመጣው ይህ የበዓላትና የአጽዋማት ማስያ ሥርዓት ከማካፈል በኋላ በሚተርፈው ቀሪ ላይ የቆመ የሒሳብ ትምህርት ነው። ለ2018 ዓ.ም. እንሥራው። ከክርስቶስ ልደት በፊት በሚቆጠረው 5,500 ዓመት ላይ 2,018 ሲደመር 7,518 ይሆናል፤ ለ19 ሲካፈል 395 ደርሶ 13 ይተርፋል፣ ይህ መደብ ነው። አንድ ሲቀነስለት 12፣ ወንበር ይባላል። ወንበሩ በ11 ሲባዛ 132፣ ለ30 ተካፍሎ የሚተርፈው 12 አበቅቴ ነው። ወንበሩ በ19 ሲባዛ 228፣ ለ30 ተካፍሎ የሚተርፈው 18 መጥቅዕ ነው። አበቅቴና መጥቅዕ ሲደመሩ 30 ሆኑ። ይህ የአጋጣሚ አይደለም፤ ለምን እንደሆነ ለማስረዳት ይሞክሩ። ፍንጩ 11 እና 19 ሲደመሩ 30 መሆናቸው ነው፤ ወንበሩ ሀ ቢሆን 11ሀ + 19ሀ = 30ሀ ነውና ቀሪ ሊኖረው አይችልም። ያንኑ 7,518 ለ4 ሲያካፍሉት 2 ይተርፋል፤ ዘመኑ ማርቆስ ነው፣ ስለዚህ ጳጉሜን 5 ቀን ይሆናል። ቁጥር ቲዎሪ የሚባለውን ኮርስ ወደፊት የሚወስድ ተማሪ ይህን የሠራበት ቀን አይባክንበትም።

ኢንተርኔት በሌለበት እንዴት ልሥራ?

ኔትወርክ ባለበት ቀን የትምህርት ሚኒስቴርን መማሪያ መጽሐፎች በፒዲኤፍ ወደ ስልክዎ ያውርዱ፤ ግራፍ የሚሥለው ጂኦጂብራም አንዴ ከተጫነ በኋላ ያለ ኢንተርኔት ይሠራል። የካን አካዳሚ ትምህርቶች ነፃ ናቸው፣ የሚጠቅሙትም አንድ ነገር ጨርሶ ሲጠፋዎት እንጂ ለዕለት ልምምድ አይደለም። ከጓደኛ የተገኘ የቆየ ሚድና ፋይናል ፎቶ ኮፒ ቤት ማስቀዳት ከዚህ ሁሉ ይበልጣል፤ ወረቀት ቻርጅ አያልቅበትም፣ ስልክ ላይ ያለ ጥያቄ ደግሞ መልሱ አንድ ጣት ርቀት ላይ ስለሆነ ትዕግሥትን ይፈታተናል።

ካልኩሌተር ልጠቀም?

በእረፍት ልምምድ አይጠቀሙ። የሚጠብቁት ነገር የእጅ ቅልጥፍና ስለሆነ እጁ ራሱ ሊሠራ ይገባል። መልስ ለማረጋገጥ በመጨረሻ ቢነኩት ጉዳት የለውም።

ብቻዬን ይሻለኛል ወይስ ከጓደኛ ጋር?

ጥያቄውን ብቻዎን ይሥሩ፣ ከዚያ ለጓደኛዎ ያስረዱ። ተቃራኒው ሲሆን፣ ማለትም ሦስት ሰው በአንድ ወረቀት ዙሪያ ተቀምጦ አንዱ ሲሠራ፣ ሁለቱ ደብተር የሚያነቡ ያህል ነው። ሁለት ጓደኛሞች በሳምንት አንድ ቀን ተገናኝተው አንዱ ለሌላው አምስት ጥያቄ ቢያወጣ ጥያቄ ማውጣቱ ራሱ ትምህርት ነው፤ መልሱ የሚያምር ጥያቄ ለማውጣት አሠራሩን ከመጨረሻው ወደ መጀመሪያው ማወቅ ያስፈልጋልና።

ልጄ ክረምቱን ሙሉ ሒሳብ አልነካም፤ ወላጅ እንደመሆኔ ምን ላድርግ?

እርስዎ ሒሳብ ባያውቁም ይችላሉ። እስከ 12 ያለውን የማባዛት ሰንጠረዥ በዘፈቀደ ይጠይቁት፤ በተርታ ሲጠየቅ በዜማ ስለሚመልስ ማወቁን አያሳይም። ገበያ ሲሄዱ ይዘውት ሄደው መልሱን እርሱ ይቁጠር። የሠራውንም ጥያቄ ለምን እንዲህ እንዳደረገ እንዲያስረዳዎ ያድርጉ፤ ማስረዳት ሲያቅተው እርሱ ራሱ ስሕተቱን ያገኘዋል። ባልሠራ ጊዜ መቅጫ አድርገው ሒሳብ አይስጡት፤ ቅጣት የሆነ ትምህርት ከዓመታት በኋላም የቅጣት ስሜቱ ይቀራል።

ኮርሱ ሊጀመር ሁለት ሳምንት ቀርቶታል፤ እስካሁን ምንም አልሠራሁም። ምን ይሻላል?

የኤቢንግሃውስ ሁለተኛ ግኝት የሚጠቅመው አሁን ነው፦ አንድ ጊዜ በሚገባ የተማሩትን እንደገና ለማግኘት ያኔ የፈጀብዎትን ጊዜ አይፈጅም። በመጀመሪያው ቀን ያለፈውን ኮርስ ፋይናል ያለ ደብተር ይሥሩ፤ ውጤቱ ዝቅ ቢል አይደንግጡ፣ የሚፈልጉት የት እንደሚቆሙ ማወቅ ነው። ከሁለተኛው እስከ ስድስተኛው ቀን መሠረቱን ብቻ ይያዙ፦ ክፍልፋይ፣ ርቢ፣ ፋክተር ማድረግ፣ ሎጋሪዝም፣ ትሪጎኖሜትሪ፣ በቀን አንድ ሰዓት። ከሰባተኛው እስከ አሥራ ሁለተኛው ቀን የመጨረሻውን ኮርስ ጥያቄዎች ምዕራፍ ሳይለዩ እየቀላቀሉ በቀን አንድ ሰዓት ተኩል ይሥሩ። በአሥራ ሦስተኛው ቀን ያንኑ ፋይናል ይድገሙ። አዲሱን ኮርስ አስቀድሞ ለማንበብ የሚገፋፋ ስሜት ይመጣል፤ መሠረቱ ሳይጸና ያንን ማድረግ በእኔ ግምት ጊዜ ማባከን ነው። በአሥራ አራተኛው ቀን ይረፉ፤ በሁለተኛው ፋይናል ላይ አሁንም ያልመጣልዎትን ጥያቄ ግን ቁጥሩን ጽፈው ይያዙና በኮርሱ የመጀመሪያ ሳምንት መምህርዎን ይጠይቁ።